ቋሚ ሰው ለሌለው ባንድ ቋሚ ሥራ መጣለት

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። የምኖረው ከእናቴ ጋር ካራ ነው፤ ከተማው አልቆ የለገጣፎ መንገድ የሚጀምርበት አካባቢ። ግቢያችን ውስጥ ያለችው ሰርቪስ ቤት የባንዳችን መለማመጃ ናት። ግድግዳዋን በአሮጌ ምንጣፍና በፍራሽ ሸፍነነዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬ ለሁላችንም ሽሮ ትሠራለች። ጎረቤትም እስካሁን ችሎናል።

ባንዱን የጀመርነው እኔና አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ነን። እሱ ድራመር ነው። መሠረታችን ጃዝ ነው፤ ግን ፈንክም፣ ሬጌም፣ የወሎ ዜማም፣ የጉራጌ ምትም እናስገባለን። ቋሚ አባል የሚባል ነገር የለንም። ወደ አሥራ አምስት የምንጠጋ ሙዚቀኞች ነን። አንዱ ሆቴል ይጫወታል፣ አንዷ ሙዚቃ ታስተምራለች፣ አንዱ ቲያትር ቤት ተቀጥሯል። ሥራ ሲመጣ ቴሌግራም ላይ “ማን ነፃ ነው?” ብዬ እጽፋለሁ። የተገኘው ይጫወታል። አንዳንዴ ሁለት ሳክስፎን ይኖረናል፣ አንዳንዴ አንድም የለም። ይኼ ነገር በጣም ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም።

ሁላችንም “ጋሼ” የምንላቸው የማሲንቆ ተጫዋች አሉ። በዕድሜ አባቴን ይበልጣሉ። የሚመጡት ከሰንዳፋ ነው። ልምምድ ቀርተው አያውቁም። ኖታ አያነቡም፤ አንዴ የሰሙትን ግን አይረሱም። የዘፈኖቻችን ግማሽ ያህል እሳቸው ዝም ብለው ሲጫወቱ ከሰማነው ዜማ የተነሣ ነው።

በቅርቡ ቦሌ አካባቢ ያለ የአንድ ሙዚቃ ቤት ሥራ አስኪያጅ ጠራኝ። በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ፣ ለስድስት ወር እንድንጫወትለት ይፈልጋል። ክፍያው ጥሩ ነው። ግን ሰባት ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ያውም ሁልጊዜ ያው ሰባት ሰው። የስም ዝርዝር ስጪኝ አለኝ። “ዛሬ የሰማሁትን ባንድ ነው በሚቀጥለው ሐሙስ መስማት የምፈልገው” ነው ያለው። ስለ ጋሼ ደግሞ “ቤቱ የጃዝ ቤት ነው፣ ሽማግሌው ባይኖሩም ይቻላል” አለኝ። መልስ የምሰጠው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው።

ሌላው ጉዳይ ጓደኛዬ ነው። በጥር አንድ ቅዳሜ ትልቅ ዝግጅት ነበረን። በዋዜማው “ሰርግ መጥቶብኛል” ብሎ ቀረ። ሌላ ድራመር በመከራ አገኘሁ። ዘፈኖቹን ስለማያውቃቸው ግማሾቹን ለመቀነስ ተገደድን። ከዚያ ወዲህ በወጉ አውርተን አናውቅም። ልምምድ ይመጣል፣ ይመታል፣ ይሄዳል። እኔም አኩርፌያለሁ።

እማዬ “የመጣ እንጀራ አይገፋም” ትላለች። ከልጆቹ አንዱ ደግሞ “ቋሚ ከሆንን እንደማንኛውም የሆቴል ባንድ ሆንን ማለት ነው” ይላል። ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። ባንዱን ቋሚ ላድርገው? ጓደኛዬን ልተወው? ጋሼንስ ምን ብዬ አያቸዋለሁ?

ባሲስቷ፣ ከካራ

እህቴ፣

በቅድሚያ እንኳን ደስ ያለሽ። በየሳምንቱ የሚከፈልበት የመድረክ ሥራ፣ ያውም ራስሽ ለምትመሪው ባንድ፣ እንዲሁ በቀላሉ አይገኝም። ደብዳቤሽ ውስጥ ግን ይህን ደስታ ፈልጌ አጣሁት። ከሐሙሱ ሥራ ይልቅ የጥር ወሩ ሰርግ ነው ጎልቶ የተሰማኝ። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ያን ቀን ያመመሽ ምኑ ነው? መቅረቱ ነው? በዋዜማው መናገሩ ነው? ወይስ ከአሥራ አምስት ሰው መካከል የቀረው እሱ መሆኑ? ይህን ለራስሽ ለይተሽ ብታውቂው ይጠቅምሻል፤ ምክንያቱም መፍትሔያቸው አንድ አይደለም። መቅረቱ ከሆነ ዘፈኖቹን የሚያውቅ ሁለተኛ ድራመር ካዘጋጀሽ ያልቃል። በዋዜማው መናገሩ ከሆነ ደንብ ያስፈልገዋል። እሱ መሆኑ ከሆነ ግን ደንብም ተተኪም አይሽረውም። ቁጭ ብላችሁ መነጋገር ይኖርባችኋል።

የእሱንም ጎን ላንሳልሽ። ጥፋቱን ልሸፍንለት ብዬ አይደለም። ጥር ለሙዚቀኛ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ከጥምቀት በኋላ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል። 55 ቀን የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም። በሰርግ ሥራ የሚኖር ድራመር የእነዚያን ቀናት የቤት ኪራይ ቀድሞ በጥር ካልያዘ ፋሲካ እስኪያልፍ ይቸገራል። ጓደኛሽ ያንን ሰርግ እምቢ ማለት ያልቻለው አንቺን አቃሎ ላይሆን ይችላል። ለመናገር አፍሮም ይሆናል እስከ ዋዜማው ያቆየው። ይሆናል ነው የምልሽ። እውነቱን መናገር የሚችለው እሱ ነው፤ አንቺ ደግሞ ገና አልጠየቅሽውም።

ደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። “ማን ነፃ ነው?” ብለሽ ነው የምትጽፊው። እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ሰው “እኔ ነፃ ነኝ” ይላል። በዚያ ሰዓት እውነቱን ነው። ቃል ገባሁ ብሎ ግን አያስብም። አንቺ ጋ ሲደርስ ያው መልስ ቃል ይሆናል። ዝግጅቱን ትይዢበታለሽ፣ ለአዘጋጁ ስም ትሰጪበታለሽ። የጥር ወሩ ነገር የተበላሸው እዚህ መሃል ይመስለኛል። ቅሬታሽ እውነተኛ ነው። የተጣሰው ግን ማንም ለማንም ጮክ ብሎ ያልተናገረው ስምምነት ነው። በባንዱ ውስጥ “ቀን ከተያዘ ተይዟል” የሚል ነገር ኖሮ ያውቃል? ከሌለ፣ ጓደኛሽን በሌለ ደንብ አትፍረጂበት። ከዛሬ ጀምሮ ግን ይኑር።

እባክሽ በቴሌግራም አትጻፊለት። ልምምድ ላይም አታንሺበት፤ ሰው ፊት ይሆናል። ከሰርቪስ ቤቷ ውጭ፣ ማንም በማይጠብቃችሁ ሰዓት ሻይ ጋብዢው። “በጥር ስትቀር ከፍቶኝ ነበር፣ እስካሁንም አልለቀቀኝም። ምን ገጥሞህ ነው?” በዪው። ከዚያ ዝም ብለሽ አድምጪው። መልሱን እስኪጨርስ ስለ ሐሙሱ ሥራ አታንሺ። ነገሩን ከሥራው ጋር ካያያዝሽው ይቅርታው የቅጥር ንግግር ይሆንባችኋል።

ሲጨርስ የሚቀጥለውን ጠይቂው። ሐሙስ ሐሙስን ለስድስት ወር መያዝ ይችላል ወይ? ልብ በይ፣ ሰርግ በብዛት ቅዳሜና እሑድ ነው። ሐሙስ ማታ ከሰርግ ጋር እምብዛም አይጋጭም። በጥር የጣላችሁ ነገር ሐሙስ ላይ ላይኖር ይችላል። “አልችልም” ካለሽም ጓደኝነቱ አላበቃም። በሚችልበት ጊዜ የሚመጣ ድራመር ይሆናል። ልተወው ወይ ላልሽኝ ግን መልሴ፣ ሳታናግሪው አይሆንም ነው።

አሁን ወደ ባንዱ። ቋሚ ወይስ ተለዋዋጭ የሚለው ጥያቄ እንዲህ ለሁለት ተከፍሎ መቅረቡ አልተዋጠልኝም። በጃዝ ዓለም ሁለቱንም መንገድ የሄዱ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ድራመሩ አርት ብሌኪ “ጃዝ ሜሴንጀርስ”ን ከ1950ዎቹ አንሥቶ እ.ኤ.አ. በ1990 እስኪሞት ድረስ መርቷል። በዚያ ሁሉ ዓመት ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። ሊ ሞርጋን፣ ዌይን ሾርተር፣ ፍሬዲ ሃባርድ፣ ኋላ ደግሞ ዊንተን ማርሳሊስ በእሱ እጅ አልፈዋል። ትራምፔተሩ ሲሄድ ሌላ ትራምፔተር ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ባንዱ ያው ጃዝ ሜሴንጀርስ ነው። ፒያኒስቱና የባንድ መሪው ዱክ ኤሊንግተን ደግሞ የሚጽፈው ለወንበር አልነበረም፣ ለሰው ነበር። ባሪቶን ሳክስፎን የሚጫወተው ሃሪ ካርኒ እ.ኤ.አ. ከ1927 እስከ 1974 አብሮት ኖሯል። ኤሊንግተን ለባሪቶን ሲጽፍ የካርኒን ድምፅ እያሰበ ነው። (ኤሊንግተን በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ እንደነበር፣ ሙላቱ አስታጥቄም ያኔ ከባንዱ ጋር እንደተጫወተ ታውቂ ይሆናል። ባሰብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል።)

ያንቺን ባንድ ይበልጥ የሚመስለው ደግሞ በእኛ ዘመን ያለው ስናርኪ ፐፒ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ዴንተን በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ ተማሪዎች የጀመሩት ነው። መሪው ማይክል ሊግ እንዳንቺው ቤዝ ተጫዋች ነው። ጃዝን ከፈንክና ከሌላ አገር ሙዚቃ ጋር ይቀላቅላሉ። ሃያ አምስት የሚያህሉ ሙዚቀኞች እየተፈራረቁ ይጫወታሉ። እንዲያም ሆኖ የግራሚ ሽልማት ደጋግመው ወስደዋል። ሰው ስለተለዋወጠ ባንዱ አልጠፋም፤ ምክንያቱም ዘፈኑ ተጽፎ ተቀምጧል፣ ኃላፊነቱን የያዘው ሰውም ይታወቃል።

እንግዲህ አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። ወረቀት ያዢና ዘፈኖቻችሁን በሙሉ ዘርዝሪ። በእያንዳንዱ ዘፈን ጎን ያለ ማን እንደማይሆን ጻፊ። “ያለ ሳክስፎን አይሆንም” ከሆነ እሱ ወንበር ነው። ማንም ጎበዝ ሳክስፎኒስት ይቀመጥበታል። “ያለ እገሌ አይሆንም” ካልሽ እሱ ሰው ነው። ይህን ስትጨርሺ ባንድሽ ውስጥ ቋሚ መሆን ያለበት ማን እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ታገኚዋለሽ። ሥራ አስኪያጁም፣ እኔም፣ እናትሽም አንመርጥልሽም።

የእኔን ግምት ከፈለግሽ እነግርሻለሁ። ብዙዎቹ ወንበር ይሆናሉ። የጋሼ ስም ግን ከግማሹ ዘፈን ጎን ይጻፋል። ይህን ራስሽ ነግረሽኛል። ሥራ አስኪያጁ ባይኖሩም ይቻላል ያላቸው ሰው ግማሹን ሙዚቃ የያዙት ሰው ናቸው። ያለ እሳቸው የምታቀርቢለት ባንድ እሱ የሰማው ባንድ አይደለም። “ዛሬ የሰማሁትን ነው የምፈልገው” ያለሽም እሱው ነው። ይህን ቃሉን ያዢለት።

ስለዚህ እኔ የማስበው እንዲህ ነው። አራት ሰው ቋሚ ይሁን። አንቺ፣ ድራመሩ፣ ኪቦርዱ እና ጋሼ። ሦስቱ ወንበር ይሁኑ። ሳክስፎን፣ ጊታር ወይም ትራምፔት፣ እና ድምፃዊ። ለእያንዳንዱ ወንበር ዘፈኖቹን በደንብ የሚያውቁ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይኑሩ። መድረክ ላይ ሁልጊዜ ሰባት ሰው አለ። ድንኳን የሌለው ሰርግ እንዳይሆንብሽ ግን ነገሩ እንደ ጽዋ ማኅበር መያዝ አለበት። በጽዋ ቤቱ በየወሩ ይለያያል፤ ቀኑ ግን አይለወጥም፣ ተረኛውም ከወር በፊት ይታወቃል። አንቺም የሐሙሶቹን ተረኞች ወሩ ከመግባቱ በፊት ጽፈሽ ለጥፊ። “ማን ነፃ ነው?” የሚለው ጥያቄ ይቅርና “የግንቦት ሁለተኛውን ሐሙስ ትይዣለሽ?” በሚል ይተካ። ያዝኩ ያለ ይዟል። ከቀረ፣ ዘፈኖቹን የሚያውቅ ሌላ ሰው ራሱ ይተካል። ካልተካ በሚቀጥለው ወር ተራ አይሰጠውም። ይህን ለሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ንገሪያቸው። ጓደኛሽን ጨምሮ።

“የሆቴል ባንድ ሆንን” የሚለው ልጅ ሊያኮርፍ ይችላል። ፍርሃቱን አታጣጥዪበት። የሆቴል ባንድ የመሆን ስጋቱ እውነት ነው። በየሳምንቱ ያንኑ ዘፈን በዚያው ቅደም ተከተል የሚጫወት ባንድ ይደርቃል። ግን ዘፈን የሚያደርቀው ቀኑ መታወቁ አይደለም። ሦስቱ ወንበሮች እየተፈራረቁ ሶሎው በየሳምንቱ የሌላ ሰው ይሆናል። አንቺ የምትወጂው “ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም” የሚለው ነገር አይሞትም። ልጁን እንዲያውም ሥራ ስጪው። በየሐሙሱ አንድ አዲስ ወይም በአዲስ መልክ የተሠራ ዘፈን የማምጣቱን ኃላፊነት ይውሰድ።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር፤ በተለይ ለጋሼ ስል ነው። ድምፃዊ ሲፈራረቅ ኪይ ይፈራረቃል። አንዷ ከፍ አድርጉልኝ ትላለች፣ ሌላው ዝቅ። ኪቦርዱ ወዲያው ይቀይራል። ማሲንቆ ግን አንድ ክር ነው ያለው፣ ያውም የፈረስ ጭራ። በዘፈንና በዘፈን መካከል እንደገና መቃኘት ሰዓት ይወስዳል። ሕዝብ ፊት ቆመው ክር ሲያጠብቁ አዳራሹ ዝም ይላል፣ እሳቸው ይሸማቀቃሉ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዘፈን ጎን በየትኛው ድምፃዊ በየትኛው ኪይ እንደሚሠራ ጻፊ። የምሽቱን ቅደም ተከተል ስታወጪ አንድ ኪይ ያላቸውን አንድ ላይ አሰልፊ። ቅኝቶቹንም፣ ትዝታውን፣ ባቲውን፣ አምባሰሉንና አንቺሆዬውን፣ እንዲሁ። ኖታ ለሚያነቡት ኖታ አዘጋጂ። ለጋሼና ለመሰሎቻቸው ልምምዱን በስልክ ቅጂና ላኪላቸው። ሁለቱም እኩል የባንዱ መዝገብ ናቸው።

ሥራ አስኪያጁን ስታገኚ በማሲንቆ ላይ ክርክር አትግጠሚ። “ቤቱ የጃዝ ቤት ነው” ያለው ሰው መስማት የሚፈልገው ክርክር አይደለም፣ ሙዚቃ ነው። በክርክሩ ብታሸንፊውም ይጠላሻል። ለራስሽ ግን ልብሽ ይሙላ። ሙላቱ ኢትዮ ጃዝን የሠራው የእኛን ቅኝት ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር አዋሕዶ ነው። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራውን በቴነር ሳክስፎን ነው ያወጣው። ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ ደግሞ “ዘ ኤክስ” ከሚባል የሆላንድ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 አልበም አውጥቷል። የአገር ቤት ድምፅ ከጃዝ ቤት ገብቶ የሚያፍርበት ምክንያት የለም። ለሥራ አስኪያጁ ግን ይህን አትተርኪለት። ሁለት ዘፈን ቅዱለት። አንድ ዘፈን ከማሲንቆ ጋር፣ ያንኑ ዘፈን ያለ ማሲንቆ። እሱ ይስማ።

ደግሞ ምን እንደሚፈራ ጠይቂው። እኔ የፊቶቹ ነገር ያን ያህል የሚያሳስበው አይመስለኝም። የሚፈራው ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደንበኛ ተቀምጦ ባንዱ ግማሽ ሆኖ መምጣቱን ነው። ይህ ደግሞ ተገቢ ፍርሃት ነው፤ በጥር ደርሶብሻል። ሰባት ሰው በሰዓቱ እንደሚገኝ፣ አራቱ ሁልጊዜ እነዚያው እንደሚሆኑ፣ የቀሩት ሦስቱ ስም ከሳምንት በፊት እንደሚደርሰው ቃል ግቢለት። በጽሑፍ ስጪው። ስድስቱን ወር ባንዴ ከመፈረም የሁለት ወር ሙከራ ይሁን በዪው። ለእሱም ይሻለዋል፣ ላንቺም። ቋሚ ሰባት ሰው የሚባለው ነገር እሱ እንደሚያስበው አስተማማኝ እንዳልሆነ ደግሞ ከዋሊያስ ባንድ ታሪክ ታውቂዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ለሥራ ሄደው ኪቦርድ ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ባንዱም በዚያው ተበተነ። ማንም ጥፋተኛ አልነበረም፤ ሕይወት ነው። ለየወንበሩ ተተኪ ያለው ባንድ እንዲህ ዓይነቱን ነገር የሚችልበት ዕድል ይበዛል።

በዚያው ልክ ባንዱን በዚህ አንድ ቤት መጠን ብቻ አትስፊው። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዝአምባ በ2007 ዓ.ም. ጥር በእሳት ሲወድም ብዙ ሙዚቀኛ የሚወደውን መድረክ በአንድ ቀን አጥቷል። ቤት ይዘጋል፣ ይፈርሳል፣ ባለቤት ይቀይራል። የቅዳሜው ልምምድ እንዳለ ይቀጥል። አሥራ አምስቱም ይምጡ። ሐሙስ የሰባት ሰው ነው፣ ቅዳሜ የሁሉም ይሁን።

ስለ ገንዘብ አንድም ቃል አልጻፍሽም፤ “ክፍያው ጥሩ ነው” ከማለት በቀር። ለራስሽ ስንት ታስቀሪያለሽ? ስልኩን የምትደውዪው፣ ኖታውን የምታባዢው፣ ድራሙን የምታስጭኚው አንቺ ነሽ። እናትሽም በየቅዳሜው ሽሮ ይሠራሉ። ይህ ሁሉ በነፃ መሆኑ እስከዛሬ ያምር ይሆናል። በየሳምንቱ ሲሆን ግን ያደክምሻል፤ የደከመ ሰው ደግሞ ቶሎ ያኮርፋል። ከጠቅላላው ክፍያ መጀመሪያ ትራንስፖርት ይነሣ። ቀጥሎ ለአስተባባሪ ድርሻ፣ ለቅዳሜው ምሳም ትንሽ ነገር። የቀረው ለሰባቱ እኩል ይከፈል። ድርሻው ስንት እንደሆነ ከመጀመሪያው ሐሙስ በፊት ሁሉም ይወቀው። ቀብድ ከተቀበልሽም ተናገሪ። ባንድ ውስጥ ከሙዚቃ ይልቅ የሚያጣላው ያልተነገረ ሒሳብ ነው።

ትራንስፖርቱን አደራ። ሥራው ሲያልቅ እኩለ ሌሊት ይቃረባል። በዚያ ሰዓት ከመገናኛ ወደ ካራ ታክሲ እንደልብ አይገኝም። ሰንዳፋማ ጭራሽ አይታሰብም። አንድ ሚኒባስ ያለው የሰፈር ሰው ካለ በወር ተነጋገሪው፣ ዕቃውንም ሰውንም ይመልሳል። ጋሼ ደግሞ ሐሙስ ማታ እናንተ ዘንድ ቢያድሩስ? ለእናትሽ ንገሪያቸው። ጠዋት ቁርስ በልተው ተረጋግተው ይሄዳሉ። ይህን ሳታስተካክዪ ከሄድሽ ጋሼን ከባንዱ የሚያስወጣቸው ሥራ አስኪያጁ ሳይሆን መንገዱ ይሆናል።

ለጋሼ ምን ልበላቸው ላልሽው፣ ስማቸው ከግማሹ ዘፈን ጎን የተጻፈበትን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። ሥራ አስኪያጁ የተናገረውን ቃል በቃል ማድረስ አያስፈልግም። መዋሸትም አያስፈልግም። “አንድ ቤት ሐሙስ ሐሙስ እንድንሠራ ጠይቆናል። ሰውየው ማሲንቆውን ገና አልለመደውም፣ ቀድተን ልናሰማው ነው። ከተስማማ እርስዎ ከአራቱ ቋሚዎች አንዱ ነዎት። ይችላሉ ወይ?” በዪያቸው። ልብ በይ፣ እሳቸውም እምቢ የማለት መብት አላቸው። በየሳምንቱ ሌሊት ከሰንዳፋ መምጣት በዚያ ዕድሜ ቀላል አይደለም። ምናልባት “በወር ሁለቴ ይበቃኛል” ሊሉሽ ይችላሉ። ያኔ የእሳቸውን ዘፈኖች ለእነዚያ ሁለት ሐሙሶች አቆዪላቸው።

እናትሽ ልክ ናቸው፣ የመጣ እንጀራ አይገፋም። ልምምድ ስለሚበዛ ግን ጎረቤቶቹን ቀድማችሁ ቡና ጠርታችሁ የሚጮህበትን ሰዓት ንገሯቸው። ችለውናል ማለት ተስማምተዋል ማለት አይደለም።

ሥራ አስኪያጁ ቅጂውን ሰምቶ፣ ሁለቱን ወርም ሰጥቶ፣ ማሲንቆውን ግን አልፈልግም ቢልስ? እኔ ብሆን አመስግኜ እተወው ነበር። ያለ ጋሼ ግማሹን ዘፈን ጥለሽ ነው የምትገቢው፤ በሦስተኛው ሳምንት የሌላ ሰው ዘፈን መጫወት ትጀምሪያለሽ። ያንቺ ሚዛን ከእኔ ሊለይ ይችላል። ገንዘቡ ቤት ውስጥ የሚሸፍነው ነገር ካለ ያለ ማሲንቆ በሌላ ስም ሦስትና አራት ሆናችሁ መጫወትም ነውር የለውም። ይህን ግን ለጋሼ ቀድመሽ ነግረሽ መሆን አለበት።

ቅደም ተከተሉን አደራ፣ በዚህ ሳምንት ጓደኛሽን፣ ቀጥሎ ጋሼን፣ ከዚያ ሥራ አስኪያጁን። ሁለቱ ወር ሲያልቅ ጻፊልኝ፤ ድራመሩ ምን እንዳለሽ ከሁሉ በላይ ማወቅ እፈልጋለሁ።